ኤል አላሜይን ያሉትን የጦር መቃብሮች በአንድ ቀን መጎብኘት ይቻላል?

ጠያቂ፦ የምኖረው ካይሮ ነው። ከእስክንድርያ በስተምዕራብ 106 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን ኤል አላሜይንን፣ ማለትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዛዊው ጄኔራል የሞንጎመሪ ጦር ጥቅምት 13 ቀን 1935 ዓ.ም. ማጥቃት ጀምሮ በጀርመናዊው የጦር መሪ በሮመል የሚመራውን የጀርመንና የጣልያን ሠራዊት ያሸነፈበትን በረሃ፣ ለማየት አስቤአለሁ። ከየትኛው መካነ መቃብር ብጀምር ይሻላል? ከእኛ ታሪክ ጋርስ የሚያገናኘው ነገር አለ?

የእስክንድርያ ነዋሪ፦ በጠዋት ከተነሡ ይበቃዎታል። በኮመንዌልዙ (የብሪታንያና ከእሷ ጋር የተሰለፉት የግዛቷ አገሮች) መካነ መቃብር ይጀምሩ፤ ሰፊውን ጊዜዎንም ለእሱ ይስጡ። መግቢያው ላይ የሚያልፉበት ረጅም የድንጋይ ሕንፃ ራሱ መታሰቢያ ነው፤ መቃብራቸው ያልታወቀ ከ11,000 የሚበልጡ ወታደሮችና የአየር ኃይል አባላት ስማቸው እዚያ ተቀርጿል። ከበስተኋላው 7,240 መቃብሮች በአሸዋው ላይ ተደርድረዋል፤ የ815ቱ ሟቾች ማንነት አይታወቅም። በየድንጋዩ ላይ የክፍሉ ዓርማ፣ የሞተበት ቀንና ብዙውን ጊዜም ዕድሜው አለ፤ በአንዳንዶቹ ግርጌ ደግሞ ቤተሰብ የመረጠው አጭር ቃል ስለሚነበብ አንዱን ረድፍ እንኳ ቸኩሎ መጨረስ ያስቸግራል።

የታሪክ ተማሪ፦ ወደ ምዕራብ ሲቀጥሉ ከ4,200 በላይ ወታደሮች ያረፉበትን፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመረቀውን ባለ ስምንት ማዕዘን የጀርመኖች መታሰቢያ ያገኛሉ። ከእሱ አልፎ ያለው ነጭ ግንብ የጣልያኖች ነው። ንድፉን ያወጣው ፓኦሎ ካቻ ዶሚኒዮኒ እዚያው የተዋጋ መኮንን ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ ለዓመታት ፈንጂ በሞላው በረሃ እየተዘዋወረ የወዳጅንም የጠላትንም አስከሬን ሲፈልግ ኖሯል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ሥራው ነው። ዛሬም ያልተነሣ ፈንጂ ስላለ፣ እባክዎ ከመንገዱ ወጥተው ወደ በረሃው አይግቡ።

ወሎዬ፦ የሚያገናኘን ነገርማ አለ። በ1933 ዓ.ም. ደሴን የያዘውና ለአምባላጌ የተዋጋው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ አዛዥ ዳን ፒናር፣ በአላሜይን የ1ኛው የደቡብ አፍሪካ ክፍለ ጦር አዛዥ ነበር። ከረን ላይ የተዋጋው 4ኛው የህንድ ክፍለ ጦርም እዚያ ተሰልፏል። ስለዚህ የሜዳ ፍየል ራስ የተቀረጸባቸውን የደቡብ አፍሪካውያን መቃብሮች ሲያዩ፣ ከመካከላቸው በአገራችን ተራሮች ላይ የተዋጉ ሊኖሩ ይችላሉ። የሚፈልጉት ሰው ካለ ከኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ድረ ገጽ የመቃብሩን ክፍል፣ ረድፍና ቁጥር አስቀድመው ይጻፉ።