አዲሱ ቀለም አሮጌው ዘይት ቀለም ላይ አልይዝ አለኝ፣ ምን ይሻላል?

የናቲ እናት፦
ሰላም ናችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። ቤቱ የባለቤቴ ቤተሰቦች የድሮ ቤት ነው፣ ሳሎኑ እስከ ወገብ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ከዛ በላይ ውሃ ቀለም ነበር፣ ያው የድሮ ቤት ታውቁታላችሁ። ግንቦት ላይ ቀቢ አምጥተን ሁሉንም ክሬም ፕላስቲክ ቀለም አስቀባነው፣ በሁለት ቀን ጨረሰ፣ ሲያዩት ያምር ነበር። ሰኔ ላይ የልጄ ልደት ነበርና ፊኛ በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፈን በማግስቱ ፕላስተሩን ሳነሳው ቀለሙ አብሮ መጣ!! መዳፍ የሚያክል፣ እንደ ላስቲክ ተልጦ፣ ከስሩ ያ አረንጓዴ ፍንትው ብሎ ያበራል። አሁን ናቲ ጨዋታ አድርጎት በጥፍሩ እየላጠ ካርታ አስመስሎታል፣ ሶፋው የሚነካበትማ አይወራ። ከላይ በኩል ግን ምንም አልሆነም። ለእንቁጣጣሽ እንደገና ላስቀባ አስቤ ነበር፣ ውድ የሚባለውን ቀለም ብገዛ ይይዝልኛል?

አዳነ የጎሮው፦
ሳሎን ሙሉ በሁለት ቀን?? ብርጭቆ ወረቀት በእጁም አልነካ። ደውለሽ ጥሪው እንጂ ለምን ሌላ ብር ታወጪያለሽ

የናቲ እናት፦
ስልኩ አይነሳም 😅

ቀለሜ፦
እህቴ ውድ ቀለም አትግዢ፣ ብሩን መድፋት ነው። እኔ በዚህ ሙያ ብዙ ዓመቴ ነው፣ ሰው ሁሉ ስለ ቀለሙ ነው የሚጠይቀኝ፣ ስለ ስሩ የሚጠይቅ የለም። ዘይት ቀለም ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ነው፣ ፕላስቲክ ቀለም ደግሞ ቆንጥጦ የሚይዘው ሻካራ ነገር ካላገኘ ላዩ ላይ ዝም ብሎ ይተኛል። ላይኛው ያልተላጠው ውሃ ቀለም ላይ ስላረፈ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱ ላይ ያለው ክሬም ይውረድ፣ ሙሉውን። ይሄ ጋ ይዟል ብለሽ የተውሽው ነው ነገ አዲሱን ጭምር ይዞ የሚወርደው። ለብ ባለ ውሃ በስፖንጅ አርጥበሽ ትንሽ ጠብቀሽ በስፓቱላ ግፊው፣ እንዳልሽው ከሆነ እየተጠቀለለ ነው የሚመጣልሽ። ከዛ በኦሞ ማጠብ፣ በተለይ ሶፋው ጋ የጭንቅላት ቅባት አለ እሱ ላይ ምንም ነገር አይይዝም፣ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ፣ ከዛ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ። ዘይቱን አንሺ አላልኩም፣ ብልጭታው ይሙት ነው። የስልክሽን መብራት ከጎን አብሪበት፣ የሚያብለጨልጭ ካየሽ እዛ ጋ አልተነካም። ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊና አንድ እጅ ዘይት ነክ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መያዣ)፣ ክረምት ስለሆነ አንድ ቀን ሙሉ አትንኪው ቢበዛም አይጎዳም፣ ከዛ ፕላስቲኩን ሁለት እጅ። አለቀ።

ጋሽ ሩሎ፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን፣ የመጀመሪያው እጅ ላይ ነጭ ኮላ ቀላቅይበት እንደ ሙጫ ይይዛል፣ እኛ ሁሌ እንደዛ ነው

ቀለሜ፦
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሱን እኔም ጀማሪ ሆኜ ሰርቼዋለሁ፣ ነጭ ኮላ እርጥበት ሲያገኘው ተመልሶ ይላላል። አንድ ወጥ ቤት ቀብቼ በሚቀጥለው ክረምት ምድጃው በላይ ያለው ሁሉ አብጦ ተጠርቼ በነጻ ደግሜ ሠራሁ።

ሜሪላንድ፦
ማንም ያላነሳው ነገር አለ፣ ያ አረንጓዴ የድሮ ዘይት ቀለም ሊድ ሊኖርበት ይችላል፣ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ማለቴ ነው። እዚህ አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት በ1978 እ.ኤ.አ. ነው የተከለከለው፣ እኛም ሀገር በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ተብሏል፣ ያንቺ ግን ከዛ በፊት የተቀባ ነው። ስለዚህ በደረቁ አትፈግፍጊ!! ውሃ የሚችለውን ብርጭቆ ወረቀት ገዝተሽ ግድግዳውን እያረጠብሽ ፈግፍጊ፣ ማስክ አድርጊ፣ ናቲን ለዛ ቀን አያቱ ጋ ውሰጂው። ጥፍሩንም ቁረጪለት በእናትሽ፣ የላጠውን ወደ አፉ እንዳያደርግ።

የናቲ እናት፦
ውይ አስደነገጥሽኝ፣ እጁን አሁኑኑ ነው ያስታጠብኩት። ኮሪደሩስ? እሱ ዘይት ይሁን ውሃ ቀለም አላውቅም ደብዛዛ ነው

ቀለሜ፦
ከኮቪድ የተረፈ አልኮል አይጠፋሽም፣ ጥጥ ነክረሽ አንድ ቦታ እሺው። ቀለሙ ጥጡ ላይ ከመጣ ወይ ግድግዳው ከተሟሸሸ ውሃ ነክ ነው፣ ምንም ካልሆነ ዘይት። መዳፍሽን ስታሳርፊበት ነጭ ዱቄት የሚለቅ ከሆነ ግን ኖራ ነው፣ እሱ ተቦርሾ ካልወረደ ፕራይመሩም አያድነውም። ሜሪላንድ ያለችው ትክክል ነው እኔም በእርጥብ ነው የምሠራው፣ መጻፉን ረሳሁት።

የናቲ እናት (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦
ከበሩ ጀርባ አንድ ሜትር የሚሆን ቦታ እንዳላችሁት ሞከርኩ። ክሬሙ ቀላል ነበር፣ መፈግፈጉ ግን እጄን ገደለኝ፣ ፕራይመሩ ደግሞ በዚህ ዝናብ ሁለት ቀን ሙሉ አልደርቅ አለ። ቀብቼ ሳምንት አቆይቼ በምላጭ መስቀልያ ጭሬ ያንኑ የልደት ፕላስተር ለጥፌ ቷ አድርጌ አነሳሁት፣ ንቅንቅ አላለም!! ጥግ ላይ ብቻ ትንሽ ፍርፋሪ መጣ፣ እዛ ጋ ደክሞኝ ሳልፈገፍግ ያለፍኩት ነው። የኮሪደሩ ቀለም ጥጡ ላይ ስለመጣ ተገላገልኩ። ሳሎኑ ለእንቁጣጣሽ አይደርስም፣ ለመስቀል ይሁን።