መኪናው ሌሊት ይወርዳል፤ በእርግጥ ኮምፕሬሰሩ ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ በሞላ ፋንታ በአየር ከረጢት ላይ የሚቆምና ከፍታው በኮምፒዩተር የሚስተካከል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ባደረ ቁጥር ጠዋት በአራቱም በኩል ወርዶ አገኘዋለሁ፤ ሞተሩን ሳስነሣ ኮምፕሬሰሩ (ከረጢቶቹን አየር የሚሞላው ፓምፕ) ለረጅም ጊዜ ይሠራና ሳያነሣው የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። የሚገርመው፣ አዳማ በሰነበትኩበት ሳምንት ሌሊት ቢወርድም ጠዋት ያለችግር ይነሣ ነበር። ጋራዡ በምርመራ መሣሪያ «የአየር ግፊቱ በዝግታ ይጨምራል» የሚል ስሕተት አንብቦ ኮምፕሬሰሩ ይለወጥ ብሏል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1 (የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ)፦
ስሕተቱ የተነበበው በትክክል ነው፤ ትርጓሜው ግን ችኮላ አለበት። ኮምፕሬሰር ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ሌላ ቦታ የሚያፈስሰውን አየር ሲተካ ስለሚውል ነው፤ ማፍሰሻው ሳይገኝ አዲስ ቢገጠም እርሱም ጊዜውን ጠብቆ ይቃጠላል። የአዳማው ነገርም ምክንያት አለው፦ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ የፒስተን ቀለበቱ (በውስጡ አየር እንዳያመልጥ የሚያሽገው) ያለቀ ኮምፕሬሰር አዳማ ላይ፣ በ1,700 ሜትር ገደማ፣ እንደምንም የሚሞላውን እዚህ መሙላት ያቅተዋል።

አራቱም መውረዳቸው አያሳስትዎ። በአንዳንድ መኪኖች ኮምፒዩተሩ ሌሊት እየነቃ ሌሎቹን ዝቅ ካለው ጥግ ጋር ያስተካክላል። ስለዚህ ማታ የሰስፔንሽኑን (የአየር ከረጢቱን ሥርዓት) ፊውዝ ነቅለው፣ ከጎማው መሐል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም በኩል ለክተው ይጻፉ፤ ጠዋት ከማስነሣትዎ በፊት ደግመው ይለኩ። የወረደው ጥግ ራሱን ያጋልጣል። ከዚያ መኪናው ከፍ ባለበት የሳሙና ውኃ በከረጢቱ እጥፋት፣ በቱቦው መጋጠሚያና አየሩን ለየከረጢቱ በሚያከፋፍለው ቫልቭ ብሎክ ላይ ይረጩ። ነገር ግን ሻሲው በጠንካራ የብረት ማቆሚያ ሳይደገፍ ማንም ከሥር አይግባ፤ አየሩ ሳይታሰብ ሊለቅ ይችላል።

መልስ 2፦
እኔ በዚህ ጣጣ ተሰላችቼ ከረጢቶቹን በተራ ሞላ ለወጥኩ። ጉዞው ትንሽ ደረቅ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት መጨነቁ ቀርቶልኛል።

መልስ 1፦
ያም መንገድ ነው፤ ሆኖም የሞላው ጥንካሬ ለመኪናው ክብደት መመረጥ አለበት፣ ኮምፒዩተሩም ካልተስተካከለ መብራቱ አይጠፋም። አንድ ከረጢት ለተቀደደበት ሰው ግን ሙሉውን ሥርዓት መጣል ይበዛበታል።

ጠያቂው፦
በተባለው መሠረት ፊውዙን ነቅዬ ለካሁ። ሦስቱ ጥጎች ምንም አልተነቃነቁም፤ የኋላ ግራው ግን 6 ሴንቲ ሜትር ወርዷል፤ ሳሙናውም ከከረጢቱ እጥፋት ላይ አረፋ አወጣ። ሁለቱን የኋላ ከረጢቶች አብሬ ለወጥኩ። አሁን ሌሊት አይወርድም፤ ጭነት ስጨምር ግን ኮምፕሬሰሩ አሁንም ብዙ ይቆያል።

መልስ 1፦
እንግዲህ አሁን ወደ ኮምፕሬሰሩ መሄድ ይቻላል። ሙሉውን ከመግዛትዎ በፊት የፒስተን ቀለበቱን ለብቻው ያፈላልጉ፤ የአየሩን እርጥበት የሚመጥጠውን የማድረቂያ ቅንጣትም አብረው ይለውጡ፤ እርጥበት ጠግቦ ከሆነ ውኃው ቫልቭ ብሎኩን ያበላሻል። ሪሌውንም (ለኮምፕሬሰሩ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ) በአዲስ ይተኩ፤ ለረጅም ጊዜ ሲሠራ መገናኛው ተቃጥሎ ከተጣበቀ ኮምፕሬሰሩ ቁልፉ ተነቅሎም መሥራቱን ይቀጥላል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል። የከፍታ ሴንሰር ከተነካ ደግሞ ማስተካከያው በምርመራ መሣሪያ ሜዳ ቦታ ላይ ይሠራ።