በኮሞ ሐይቅ ዳርቻ የተዘረጋው ቀደምት የኤሌክትሪክ ባቡር

ጥያቄ (ከአዳማ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በከተማችን በኩል ወደ ጅቡቲ የሚያልፈው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ፣ የዚህ ዓይነቱ ባቡር አጀማመር በጣም ያጓጓኛል። በጣሊያን የኮሞ ሐይቅን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ቫልቴሊና ሸለቆ የሚዘልቀው መስመር ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የገጠር መንደሮች በሚበዙበት በዚያ ስፍራ ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣ ነበር?

መልስ፦
ከሌኮ ተነስቶ በኮሊኮ በኩል ወደ ሶንድሪዮና ወደ ኪያቬና የሚሄደው ይህ መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 በኤሌክትሪክ መሥራት የጀመረ ሲሆን፣ ሥራውን የመራው የቡዳፔስቱ የጋንዝ ኩባንያ መሐንዲስ ካልማን ካንዶ ነው። ጣሊያን የድንጋይ ከሰል ከውጭ ትገዛ ስለነበር፣ ከተራራው የሚወርደው ውሃ ትልቅ ሀብት ሆነላት፤ ኃይሉም የሚመጣው በሞርቤኞ አጠገብ በአዳ ወንዝ ላይ ከተሠራው ማመንጫ ነበር።

ሌላ መልስ፦
እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የሽቦው ነገር ነው። ኃይሉ ባለ ሦስት ፌዝ (በሦስት መንገዶች ተከፍሎ የሚመጣ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ)፣ 3,000 ቮልት ስለነበር፣ ከሐዲዱ በላይ ሁለት ሽቦዎች ጎን ለጎን ተዘርግተው፣ ሦስተኛው ፌዝ በራሱ በሐዲዱ ይሄድ ነበር። መስመሮች በሚገናኙበት ጣቢያ ሁለቱ ሽቦዎች እንዳይነካኩ ማድረግ ከባድ ሥራ ነበር። ሞተሮቹም የሚሄዱት በተወሰኑ ፍጥነቶች ብቻ ነው፤ ነገር ግን ባቡሩ ቁልቁል ሲወርድ ኤሌክትሪክ መልሶ ወደ ሽቦው ይልክ ነበር፤ ይህ ለዚያ ዘመን እጅግ የላቀ ሐሳብ ነው።

ሦስተኛ መልስ፦
ለጠያቂው አንድ ነገር ልጨምር። ካንዶ በኋላ ዘመኑ ባቡር ከተራው የሕዝብ ኤሌክትሪክ መረብ በ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር በሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ) እንዲሠራ ደክሟል። በአዳማ የሚያልፈው መስመርም የሚሠራው በ25,000 ቮልት፣ በ50 ኸርዝ ነው።