ስዋሂሊ ለመላው አፍሪካ ይሁን? የዚህ ሳምንት ክርክር

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ። የአፍሪካ ኅብረት በ2022 ስዋሂሊን ከሥራ ቋንቋዎቹ አንዱ አድርጎታል (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አህጉሩ ላይ 2,000 ገደማ ቋንቋ ይነገራል። መሪዎች ሲሰበሰቡ ግን ባብዛኛው የሚሰማው እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ነው። ታዲያ ስዋሂሊ የሁላችን የጋራ ቋንቋ ይሁን? እኛም ልጆቻችንን እናስተምረው? ስድብ የለም፣ ፖለቲካም በልኩ።

የኢስሊው፦ ይሁን ባይ ነኝ! ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር፣ 11 ዓመት ኖሬአለሁ። ስመጣ ከ«ጃምቦ» ሌላ አላውቅም ነበር። ሱቅ ላይ ቆሜ ዕቃ እየሸጥኩ በስድስት ወር ለመድኩት፣ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም። ደግሞ የሰዓት አቆጣጠራቸው እንደኛ ነው! «ሳአ ሞጃ አሱቡሂ» ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ፈረንጅ 7 የሚለው። በእንግሊዝኛ ቀጠሮ ስይዝ ነው የምሳሳተው።

ጋሼ ጡረተኛ፦ የሰዓቱን ነገር አላውቅም ነበር፣ ተባረክ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጃንሆይ በ1963 ኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ የተናገሩት በአማርኛ ነው። የኅብረቱ መቀመጫም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የራሱ ፊደል ያለው ቋንቋ ደጃፋቸው ላይ እያለ ለምን ከዳር አገር ይፈልጋሉ?

እትዬ መምህርት፦ ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ነገሩ በፊደል አይደለም። ስዋሂሊ የተስፋፋው የማንም ስላልሆነ ነው። ማለቴ፣ መጀመሪያ የባሕር ጠረፍ ሰዎች ቋንቋ ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛው ተናጋሪ ሁለተኛ ቋንቋው ነው። ታንዛኒያን ያስቧት። ከ120 በላይ ቋንቋ አላት፣ አንዱም ብቻውን አገሩን የሚሞላ አይደለም። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንቷ ኔሬሬ ራሳቸው ዛናኪ ናቸው፤ ዛናኪ ትንሽ ሕዝብ ነው። ስለዚህ ስዋሂሊ ሲመረጥ «ያኛው ጎሳ በላን» የሚል ብዙ ሰው አልተገኘም። አማርኛ ላይ ግን እዚሁ አገራችን ቅሬታ ያለው ሰው አለ። ይህን ሸፋፍነን ብንከራከር ራሳችንን ነው የምንሸነግለው።

እንዲህም ብዬ ግን እኔ ተቃዋሚ ነኝ። እዚያው ታንዛኒያ ልጁ የመንግሥት አንደኛ ደረጃን በስዋሂሊ ይማራል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሳይንሱም ሒሳቡም ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። ትናንት ትምህርቱ የገባው ልጅ ዛሬ ዝም ይላል። ክፍል ውስጥ የቆመ መምህር ይህን ዝምታ ያውቀዋል፣ ለኛም አዲስ አይደለም። ከኔሬሬ ጀምሮ ይህን ያህል ተደክሞበት ስዋሂሊ እንግሊዝኛን ከዚያ በር ካላስወጣ፣ በአህጉር ደረጃ ምን ሊሠራ ነው?

የኢስሊው፦ እትዬ፣ እንግሊዝኛን ያስወጣ ማን አለ? እኔ ስለ ገበያና ስለ ድንበር ነው የማወራው። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ዑጋንዳ፣ ምሥራቅ ኮንጎ፣ ሁሉም ጋ ያግባባል። ደቡብ አፍሪካ እንኳ ትምህርት ቤት ውስጥ በምርጫ እንዲሰጥ ፈቅዳለች።

ካኖ ደርሶ መልስ፦ ምሥራቁን ተውትና ወደ ምዕራቡ ኑ። ሰሜን ናይጄሪያ፣ ካኖ ከተማ፣ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ናይጄሪያ ብቻዋን ከ500 በላይ ቋንቋ አላት። ሐውሳ፣ ዮሩባና ኢግቦ ትልልቆቹ ናቸው፤ ከሦስቱ አንዱን መምረጥ ጠብ ስለሆነ እንግሊዝኛ እስከ ዛሬ ወንበሩ ላይ አለ። እነሱ የራሳቸውን መምረጥ አቅቷቸው የዛንዚባርን ይቀበላሉ?

አንድ የገረመኝን ልጨምር። ካኖ ጎረቤቴ አንድ ቀን «ያ ሙቱ» አለኝ። ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ እውነትም «ሞተ» ማለቱ ነው። ሐውሳና አማርኛ፣ ዐረብኛም ጭምር፣ ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ስዋሂሊ የሌላ ቤት ልጅ ነው፣ ባንቱ ከሚባለው የቋንቋ ቤተሰብ ነው። «ኪታቡ»ን፣ መጽሐፍ ማለት ነው፣ ከዐረብ ወሰደና ሲያበዛው «ቪታቡ» አለው፣ በራሱ ሕግ! እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን «አፍሪካዊ ስለሆነ ይቀርበናል» የሚለው ወሬ ለሐውሳውም ለኛም አይሠራም።

ጋሼ ጡረተኛ፦ ታዲያ ሐውሳ ይሁን እንበል?

ካኖ ደርሶ መልስ፦ ኧረ ጋሼ! ዮሩባዎቹ ይሰሙዎታል።

የጂንካው፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ሁላችሁም ስለ ትልልቆቹ ነው የምታወሩት። እኔ ቤት አሪኛ፣ ገበያ አማርኛ፣ ክፍል እንግሊዝኛ ብዬ ነው ያደግኩት። ስዋሂሊ አራተኛ ሊሆንብኝ ነው። እሺ፣ እችለዋለሁ፣ ለምደናል። ግን ከኛ ወደ ወይጦ ወንዝ ብትወርዱ ኦንጎታ የሚባሉ አሉ። ቋንቋቸው ጥቂት ሽማግሌዎች አፍ ላይ ነው የቀረው። ማን ዋጠው? እንግሊዝኛ አይደለም። ሰዉ ወደ ጎረቤቱ ወደ ጸማይ ቋንቋ ነው የዞረው፣ ጸማይም ትንሽ ነው። ዓባይ ዳር ይነገር የነበረውን ጋፋትኛንስ ማን ጨረሰው? አማርኛ ነው። ከቅኝ ገዢ ቋንቋ ነጻ እንውጣ ሲባል ደስ ይለኛል። ግን ትንሹን የሚበላው ብዙ ጊዜ ቅርብ ያለው ነው። ስዋሂሊም ታንዛኒያ ውስጥ እንዲሁ እያደረገ ነው። ገጠር ያሉ ወላጆች ለልጆቻቸው ስዋሂሊውን ነው የሚያወርሱት፣ ይጠቅመዋል ብለው።

እትዬ መምህርት፦ ይኸው። እኔ አንድ ገጽ ጽፌ ያልደረስኩበት።

ጋሼ ጡረተኛ፦ የጋፋቱ ነገር ከበደኝ። አያቴ ከዚያ አካባቢ ናቸው። በቤታችን አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም።

የኢስሊው፦ እኔ ግን አሁንም ይሁን ባይ ነኝ። የጂንካው ሲጽፍ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጄ እዚሁ ናይሮቢ ነው የተወለደችው። በአማርኛ ስጠይቃት በሼንግ ነው የምትመልስልኝ። ሼንግ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ የተደባለቀበት የሰፈር ቋንቋ ነው። እናቴ ስትደውል ሁለቱም ይሳሳቃሉ እንጂ አይነጋገሩም። ሱቁን ስል ቤቱን ረሳሁት መሰለኝ።

ጋሼ ጡረተኛ፦ ስንት ዓመቷ ነው?

የኢስሊው፦ ዘጠኝ።

ጋሼ ጡረተኛ፦ የፊደል ገበታ ገዝቼ በሚመጣ ሰው እልክልሃለሁ። አድራሻህን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ስዋሂሊውንም አታስተዋት።