«ፋረን» ላይ ተጣብቄያለሁ፦ «ቢን» ነው «ሃበ»?

ሰላም፣ ጀርመንኛ የምትችሉ እስቲ አንዴ እዩልኝ። ፍራንክፉርት ነው ያለሁት፣ ለቤ 1 (መካከለኛ ደረጃ) የጀርመንኛ ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው።

ያስቸገረኝ «ፋረን» የሚለው ግስ ነው፤ በመኪና ወይ በባቡር መሄድም ነው፣ መንዳትም ነው። ጽሑፍ ላይ የሚመጣውን የኃላፊ ጊዜ «ኢሽ ፉር፣ ዱ ፉርስት፣ ኤር ፉር» ሸምድጄዋለሁ። ችግሬ ሰው ሲያወራ ለኃላፊ ጊዜ የሚጠቀምበት «ገፋረን» ነው፣ ምክንያቱም ወይ «ዛይን» (መሆን፤ ለ«እኔ» ሲሆን «ቢን») ወይ «ሃበን» (የራስ የሆነ ነገር መኖር፤ ለ«እኔ» ሲሆን «ሃበ») የሚባል ረዳት ግስ አብሮት መግባት አለበት። እኔ የያዝኩት ደንብ፦ ከቦታ ቦታ ከሄድክ «ዛይን»፣ ተሳቢ ካለ «ሃበን»። «ኢሽ ቢን ናህ ኮልን ገፋረን»፣ ወደ ኮሎኝ ሄድኩ። «ኢሽ ሃበ ማይነ ሙተር ናህ ሃውዘ ገፋረን»፣ እናቴን በመኪና ቤት አደረስኳት። እዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ከዚያ የቤት ሥራ ላይ «ትናንት መኪና ነዳሁ» ለማለት «ኢሽ ሃበ ጌስተርን አውቶ ገፋረን» ብዬ ጻፍኩ። መኪናው ተሳቢ ነው ብዬ እኮ ነው። መምህሯ በቀይ ሰርዛ «ቢን» አደረገችው። እሺ ብዬ ቀጣዩን፣ «መኪናውን ጋራዥ አስገባሁ» ለማለት፣ «ኢሽ ቢን ዳስ አውቶ ኢን ዲ ጋራዠ ገፋረን» አልኩ፣ እሱንም ሰርዛ «ሃበ»! መዝገበ ቃላት ባይ ሁለቱንም ጽፎ ዝም። የኛ አማርኛ «ነዳሁ» ብሎ ይገላገላል።

በሁለቱም መኪና አለ፣ በሁለቱም ነጂው እኔ ነኝ። ታዲያ ረዳት ግሱን የሚቀይረው «ዳስ» (በ«መኪናው» ላይ እንዳለው «ው») መግባቱ ነው ወይስ መኪናው የሆነ ቦታ መወሰዱ?