ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ? የእንግሊዝ ምርጫና የኛ ክርክር

አወያይ፦ እንደምን አመሻችሁ ቤተሰብ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የጀመርናትን ሳንጨርስ ስለተበተንን እዚህ እንቀጥል። ሜይ 7፣ 2026 የለንደን ካውንስሎች (የየሰፈሩ አስተዳደር) ምርጫ ነው፣ ቀጥሎ ደሞ አንድ ቀን ትልቁ የፓርላማ ምርጫ ይመጣል። ጥያቄው፦ ሌበር አናዶናል፣ ግን የናይጀል ፋራጅ ፓርቲ ሪፎርም እንዳይገባ ስንል እያንገሸገሸንም ለሌበር እንስጥ ወይስ ልባችን ለፈቀደው? ስድብ የለም። የአገር ቤት ፖለቲካም አይገባም፣ እሱ ከገባ አንወጣም።

ሾፌሩ፦ ለሌበር። ምን ያከራክራል?

ነርሷ፦ ለማንም። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ አሉ።

ሾፌሩ፦ ተረቱን እኔም አውቀዋለሁ እህቴ ግን አንዱ ዝንጀሮ ማሳህን ሲበላ አንዱ ቤትህን ሊያፈርስ ሲመጣ ትመርጣለህ እንጂ። ፋራጅ ሴፕቴምበር 2025 ላይ ቆሞ ምን እንዳለ ረሳችሁ? ኢንዴፊኒቱን (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዱን) ጭራሽ አጠፋዋለሁ፣ ሁሉም በየአምስት ዓመቱ ቪዛውን እያሳደሰ ይኑር ነው ያለው። እሱን እያየሁ ነው ቤቴ ቁጭ ምለው?

ነርሷ፦ የዛን ሳምንት ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ የሌበሩ ስታርመር ደሞ ምን አለ? ዘረኛ ፖሊሲ ነው አለ፣ በቲቪ፣ በጆሮዬ ሰማሁት፣ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ሁለት ወር አልሞላም የራሱ ሆም ኦፊስ (የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ለኢንዴፊኒት የሚጠበቀው 5 ዓመት 10 ይሁን፣ ስደተኛ 20 ዓመት ይጠብቅ የሚል ሐሳብ ይዞ ብቅ አለ። እህቴ ኬረር ናት። ለነሱ የታሰበው 15 ዓመት ነው። 15 ዓመት የሰው ሽማግሌ እያጠበች! እና ለዚህ ነው እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወረቀቱ ላይ ክሮስ የማደርግለት?

ሾፌሩ፦ 15 እና ጭራሽ የለም አንድ ነው እንዴ? ኧረ በናትሽ

ነርሷ፦ አንድ አይደለም። ግን ፋራጅን ያስፈራሩኛል፣ ድምፄን ይወስዳሉ፣ ከዛ ወደ ፋራጅ አንድ እርምጃ ጠጋ ይላሉ፣ በሚቀጥለው ደሞ ከዛች ከተጠጉባት ቦታ ሆነው ያስፈራሩኛል። ከድጡ ወደ ማጡ በየአምስት ዓመቱ።

የላድብሮክ ልጅ፦ እኔ አንድ ነገር ልናገር፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ኬንሲንግተን ነው ያደግኩት። ጁን 8፣ 2017 በፓርላማ ምርጫ ሌበር እዛ ሰፈር ለመጀመሪያ ጊዜ አሸነፈ፣ በ20 ድምፅ፣ ሃያ! ደጋግመው ቆጥረው ቆጥረው አርብ ማታ ነው የወጣው ውጤቱ። በስድስተኛው ቀን ግሬንፌል የሚባለው የመኖሪያ ፎቅ ተቃጠለ። 72 ሰው። የኛም ሰው የኤርትራም ሰው ነበረበት፣ ለቅሶ ቤቱን የነበራችሁ ታውቁታላችሁ እኔ አልዘረዝርም። ከዛ ዲሴምበር 2019 ሌላ ምርጫ መጣ። ብሬክዚት አንጀቴን አቃጥሎኛል፣ የዛኔው የሌበር መሪ ኮርቢን ደሞ አልዋጥልኝ ብሎኛል፣ ሌላው ፓርቲ ሊብ ዴም የተከበረ ሰው አቁሟል፣ በቃ ለሱ ሰጠሁ፣ ንጹሕ ሕሊና ይዤ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ቶሪ (ወግ አጥባቂው ፓርቲ) በ150 ድምፅ ወስዶታል። ለሊብ ዴም የሰጠነው ከ9 ሺህ በላይ ነን። ሕንፃው ተሸፍኖ ከመስኮቴ ይታያል፣ እኔ ደሞ ያንን ሕንፃ ማየት ለማይፈልጉ ሰዎች ወንበሩን ሰጠሁ። ከዛ ወዲህ ሕሊና ምናምን የሚለኝን አልሰማም፣ ከማልፈልገው ጋር የሚፎካከረው ሁለተኛ ማነው ብዬ አይቼ ነው ምሰጠው።

ነርሷ፦ ይሄንን አላውቅም ነበር፣ አዝናለሁ ወንድሜ። ግን ልጠይቅህ፣ በ20 ድምፅ ያሸነፈችው ሴትዮ ሁለት ዓመት ተኩል ጮኸች አይደል፣ ምን ተለወጠ? ሴፕቴምበር 2024 የወጣውን የግሬንፌል ሪፖርት አንብበሃል? የአንድ ፓርቲ ጥፋት አላለም እኮ። ከ1991ዱ የኖውስሊ ሃይትስ እሳት ጀምሮ መንግሥት የሕንፃ ሽፋን አደጋን ለማወቅ ብዙ ዕድል ነበረው አልተጠቀመበትም ነው የሚለው። ከ1991 እስከ 2017 ውስጥ 13ቱን ዓመት የገዛው ማነው? ያንተው «የሚሻለው» ሌበር።

የላድብሮክ ልጅ፦ አንብቤዋለሁ። ልክ ነሽ። ግን የምትጮህልኝ የፓርላማ አባል (ኤምፒ) እና ዝም የምትል ኤምፒ ለኔ አንድ አይደሉም፣ ሌላ ምን ልበልሽ

አዲስ ገቢ፦ እኔ ዝም ብዬ ላንብብ፣ መምረጥ አይፈቀድልኝም። የሚያስቀኝ አብራኝ ያለችው ናይጄሪያዊት በተማሪ ቪዛ ትመርጣለች፣ ጠቅላላውን ምርጫ ሳይቀር! ኮመንዌልዝ (በብዛት የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች ማኅበር) ናቸዋ። እኛ አልተገዛንም ብለን ስንኮራ ኖረን ካርዷ አመለጠችን 😂

ሾፌሩ፦ ሃሃሃ አድዋ ላይ ትንሽ ብንለሳለስ

አወያይ፦ ኧረ አድዋን ተዉልኝ! ጋሽ ካምደን ዝም አሉ፣ ምን ይላሉ?

ጋሽ ካምደን፦ እያነበብኩ ነው ልጆች፣ ጣቴ እንደናንተ አይፈጥንም። እኔ የሌበር አባል ነበርኩ፣ 2003 ኢራቅ ጊዜ ካርዱን መልሼላቸው ወጣሁ። በ2005 ምርጫ ያው ቶሪ ይመጣል ብለው አስፈራሩን፣ በ35 በመቶ ድምፅ አሸነፉ፣ ስለ ጦርነቱ ያናገረኝም የለ። 2024 ላይ ደግሞ በ34 በመቶ ገደማ ከ650 የፓርላማ ወንበር 411 ወሰዱ። ሪፎርም 14 በመቶ አግኝቶ የደረሰው 5 ወንበር ነው፣ በየሰፈሩ ብዙ ድምፅ ያገኘ ብቻ ወንበሩን ይወስዳል የሚለው ሕግ ዛሬ አገለገለን እንላለን፣ ነገ ሚዛኑ ወደዚያ ሲያጋድል በዚያው ሕግ እነሱ በሠላሳ ምናምን በመቶ አገሩን ይይዙታል። 2011 ላይ በሪፈረንደም ጠይቀውን ነበር፣ አንደኛ ሁለተኛ እያላችሁ ቁጥር ጻፉ የሚለውን። 68 በመቶው እምቢ አለ። ለለንደን ከንቲባ እንኳ የነበረችንን ሁለተኛ ምርጫ ቶሪዎች በ2022 ሕግ ወሰዷት። ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ከዚያ የመጣ ነው።

ሾፌሩ፦ እሺ ጋሼ ግን ሕጉ እስኪቀየር ምን እናርግ? ላም አለኝ በሰማይ ሆነ እኮ። ራንኮርን ሜይ 2025 የፓርላማ ማሟያ ምርጫ ሪፎርም በስንት እንዳሸነፈ ያስታውሳሉ? በ6 ድምፅ! እዛ ለግሪን (አረንጓዴው ፓርቲ) የሰጡት ከ2 ሺህ በላይ ናቸው። ስድስቱ ብቻ ቢያስቡበት ኖሮ።

ጋሽ ካምደን፦ አስታውሳለሁ። በደንብ ነው የማስታውሰው፣ ምክንያቱን ልንገርህ። 2024 በጋ ላይ ሌበር በገባ በወሩ የክረምት ማሞቂያ ገንዘባችንን ቆረጠ። ጡረተኛ ነኝ፣ ያን ክረምት ሳሎን ውስጥ ካፖርት ለብሼ ነው የተቀመጥኩት፣ ጎረቤቴ ሴትዮ ደግሞ ቀኑን ላይብረሪ ነበር የምትውለው እዚያ ስለሚሞቅ። ለኤምፒዬ ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፣ የተዘጋጀ መልስ መጣልኝ። ከዚያ ራንኮርንን በ6 ድምፅ አጡ፣ የካውንስል ምርጫውም አመድ ሆነባቸው። ስንት ቀን ፈጀ? ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እናስብበታለን አሉ፣ ጁን ላይ ለብዙዎቻችን መለሱት። ደብዳቤዬ ያልመለሰውን ብር ያ 6 ድምፅ መለሰው።

ሾፌሩ፦ ግን ጋሼ ብሩን ያስመለሰው የሪፎርም ማሸነፍ ነው እኮ፣ ወንበሩም በዛው ሄዷል

ጋሽ ካምደን፦ አዎን። ሁለቱም እውነት ነው፣ እኔን የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው።

ነርሷ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እኔ ለሁለት ሰዓት ልል የፈለኩትን

ካርዲፍ ነኝ፦ ለንደኖች እናንተ ብቻ ናችሁ እንዴ ዩኬ 😀 ሌበር የሚሻለው ነው ያለው ማነው? ካይርፊሊ ኦክቶበር 2025 ለዌልስ ፓርላማ ማሟያ ምርጫ ነበር፣ ሌበር መቶ ዓመት የኖረበት ቦታ ነው። ሰዉ ሪፎርምን ማን ያቆመዋል ብሎ አየ፣ ሌበር እንዳልሆነ ገባው፣ ለዌልሱ ፓርቲ ለፕላይድ 47 በመቶ ሰጠ፣ ሪፎርም 36፣ ሌበር 11 ላይ ቀረ። አስራ አንድ! ከሁለቱ የሚሻለውን ምረጡ ስትሉ መጀመሪያ ሁለቱ እነማን እንደሆኑ በየሰፈራችሁ እዩ። ሾፌሩ ያንተ ክርክር ትክክል ነው፣ አድራሻው ነው የተሳሳተው።

ሾፌሩ፦ ይሄን እቀበላለሁ። ኢልፎርድ ያለው ዘመዴም እንደዚህ ነው ሚለው፣ የሌበሩ ዌስ ስትሪቲንግ 2024 ላይ ከአንዲት የግል ተወዳዳሪ በ528 ድምፅ ነው ያመለጠው፣ ሪፎርም እዛ ወሬም አልነበረም።

የላድብሮክ ልጅ፦ እኔም ያልኩት እኮ ይሄንኑ ነው፣ ሁለተኛ ማነው

ነርሷ፦ የኔ ሰፈር ሌበር አንደኛ፣ ግሪን ሁለተኛ፣ ሌላው የለም። ስለዚህ በናንተ ሒሳብ ነፃ ነኝ ማለት ነው?

ሾፌሩ፦ ...ነፃ ነሽ። እኔ ያለሁበት ባርኪንግ በኩል ግን ሪፎርም ስለሚያሰጋ ነፃ አይደለሁም።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ እርስዎ ታዲያ ሜይ 7 ለማን ሊሰጡ ነው? ካልደበቁኝ

ጋሽ ካምደን፦ ምን እደብቃለሁ። በካውንስል ምርጫ እኛ ዋርድ ሦስት ሰው ነው የሚመረጠው፣ ወረቀቱ ላይ ሦስት ክሮስ ይፈቀዳል፣ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም አንዷን አድርጎ ይወጣል። አንዷን ለሌበር እሰጣለሁ፣ ሊፍታችን ስድስት ሳምንት ተበላሽቶ በር ድረስ መጥቶ ያየልን የሌበሩ ካውንስለር ነው። ሁለቷን ለግሪን። ማሞቂያውን አልረሳሁም።

ሾፌሩ፦ ጋሼ ቢያንስ ሁለት ለሌበር ያድርጉት

ጋሽ ካምደን፦ ሊፍቱ አንድ ነው ልጄ።

አወያይ፦ 😂😂 መታወቂያ ግን እንዳይረሱ፣ ከ2023 ወዲህ ያለመታወቂያ አያስመርጡም። ፓስፖርት ባይኖር ፍሪደም ፓስ (የአረጋውያን ነፃ የጉዞ ካርድ) ይሠራል።

አዲስ ገቢ፦ የኔ የተማሪ ኦይስተር (የጉዞ ካርድ) ግን አይሠራም አሉ፣ ለነገሩ ለምኔ

ጋሽ ካምደን፦ ፍሪደም ፓሴ ኪሴ ውስጥ ናት። ነርሷ፣ አንቺ ከሥራ ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው? ደረጃው ላይ ክንዴን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ሊፍቱ ትናንት እንደገና ቆሟል።