አንቀጽ 4 ላይ ውይይት፦ የአፈጻጸም መመሪያውን ማን፣ መቼ ይጽፋል?

አስተባባሪ፦ የትምህርት ቤታችን ቦርድ ፖሊሲ ስለሚያጸድቅበት አሠራር ከተዘጋጀው ረቂቅ ያልተዘጋው አንቀጽ 4 ብቻ ነው። አሁን ያለው ቃል «ርዕሰ መምህሩ ፖሊሲው በጸደቀ በ30 ቀን ውስጥ የአፈጻጸም መመሪያ ያወጣል» ይላል።

ርዕሰ መምህር፦ «በ30 ቀን» ይውጣ፤ መመሪያው ከፖሊሲው ጋር አብሮ ይቅረብ። ለምሳሌ የተማሪዎችን ስልክ ጉዳይ እንይ። «በክፍለ ጊዜ ስልክ መጠቀም ክልክል ነው» የሚል አንድ መስመር ለማጽደቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ስልኩን ማን ይረከባል? የት ይቆለፋል? ስክሪኑ ተሰንጥቆ ቢገኝ ማን ይከፍላል? የደም ስኳሩን በስልኩ የሚከታተል ተማሪስ? ይህ ሳይመለስ ፖሊሲው ከወጣ አንዱ መምህር ቀምቶ እስከ ዓርብ ያቆያል፣ ሌላው አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ወላጁ ደግሞ አቤቱታውን ይዞ የሚመጣው ቦርዱ ዘንድ ነው።

የቦርድ ሰብሳቢ፦ ልክ ነው፤ ነገር ግን ቦርዱ መመሪያውንም ያጽድቅ ከተባለ የመቆለፊያ ቁልፍ ላይ ስንከራከር ልናመሽ ነው። መመሪያው ለዕይታ ይቅረብልን፤ ድምፅ የምንሰጠው ግን በፖሊሲው፣ በበጀቱ እና ይግባኝ እስከ የት ይደርሳል በሚለው ላይ ይሁን። ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ፦ የቦርድ ሥልጣን በጉባኤ እንጂ በአባል አይደለም። አባል በግሉ ምክትሉን ስልክ ደውሎ የሚያዝበት ትምህርት ቤት ውስጥ የትኛውም መመሪያ አይቆምም።

ምክትል ርዕሰ መምህር፦ ፖሊሲው የሚጸናበት ቀንም ይጠቀስ። የተከታታይ ምዘና ድርሻ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከ40 ወደ 50 ከመቶ ቢቀየር የዓመቱ አማካይ ከሁለት የተለያየ ሚዛን ይወጣል፤ ትራንስክሪፕት የሚሠራው ሰው መውጫ ያጣል። ስለዚህ ምዘናን የሚነካ ለውጥ የሚጀምረው በትምህርት ዘመኑ መባቻ ብቻ ይሁን። የደኅንነት ጉዳይ አይጠብቅም፣ ወዲያው።

ጸሐፊ፦ በተግባር የሚያስቸግረን ሌላ ነው። በስብሰባ ላይ «ሦስት ቀን» የሚለው «አምስት ቀን» ተብሎ ይሻሻላል፤ ማሻሻያው ቃለ ጉባኤው ውስጥ ይቀራል፤ የተማሪዎች መመሪያ መጽሐፍ በአሮጌው ይታተማል። እያንዳንዱ ፖሊሲ ቁጥር፣ የጸደቀበትና የሚከለስበት ቀን እንዲሁም አንድ ተጠያቂ ሰው ይኑረው። የተሻሻለው ሙሉ ቃል ተነቦ ሳይፈረም ስብሰባው አይዘጋ።

ርዕሰ መምህር፦ ረቂቁ ለቦርዱ በሚቀርብባቸው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ንባብ መካከል 3 ሳምንት ይሰጠን፤ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች የሚያዩት ያኔ ነው። የፈተና ሳምንት አይቆጠር።

አስተባባሪ፦ አንቀጽ 4 እንዲህ ይስተካከል፦ «ርዕሰ መምህሩ የፖሊሲ ረቂቁን ከአፈጻጸም መመሪያውና ከወጪ ግምቱ ጋር ለመጀመሪያ ንባብ ያቀርባል። ሁለተኛው ንባብ የፈተና ሳምንት ሳይቆጠር ከ3 ሳምንት በኋላ ይሆናል። ቦርዱ በፖሊሲው፣ በበጀቱና በይግባኝ ደረጃው ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ መመሪያው ከፖሊሲው ጋር ከተጋጨ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ ይመልሳል።» የሚጸናበት ቀን አንቀጽ 5፣ የጸሐፊው ሐሳብ አንቀጽ 6 ይሆናሉ። የተመለሰ መመሪያ በስንት ቀን ታርሞ ይምጣ የሚለው ክፍት ነው፤ 10 ቀን ብዬ ጽፌያለሁ፣ የሚያንሰው ካለ እስከ ሐሙስ ይናገር።